ጭዱን የሚፈጨው ባክቴሪያው ብቻ ነው? ስለ ጢንዚዛ እጭ ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም እየዞረ ነው። የላኩልኝ ሰዎች ዓይነት ራሱ ያስገርማል፤ ከብት የሚያደልብ ዘመድ አለ፣ የባዮሎጂ መምህር አለ፣ ስለ ነፍሳት ጨርሶ ግድ የማይሰጠውም አለ። ጽሑፉ ስለ ጢንዚዛ እጭ ነው። ፍግ ስትቆፍሩ ወይም የበሰበሰ ግንድ ስትፈነቅሉ ጥቅልል ብሎ ተኝቶ የምታገኙት ያ ወፍራም ነጭ ትል። አንጀቱ ውስጥ ሴሉሎስ (ጭድና እንጨት በዋናነት የተሠሩበትን ነገር) የሚያፈርሱ ባክቴሪያዎች አሉ፤ እነሱን አውጥተን ብናራባ የነዳጅ፣ የቆሻሻና የመኖ ችግራችን ባንድ ጊዜ ይቃለላል ይላል።

ሲነበብ ይጥማል። ጸሐፊው ነገሩን ለሁሉም ሰው በሚገባ መንገድ ለማቅረብ መድከማቸው ያስመሰግናል፤ በአማርኛ ስለ ነፍሳት አንጀት የሚጽፍ ስንት ሰው አለን? ግን የተሰራጨውን ያህል ትክክል አይደለም። ከብት ያላቸው ሰዎች «ይሄ ባክቴሪያ የት ነው የሚሸጠው?» ብለው መጠየቅ ሲጀምሩ ዝም ማለት ከበደኝ።

መጀመሪያ እሳቸው ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። እንስሳ በራሱ ሴሉሎስ መፍጨት አይችልም፤ ስለዚህ የእጩ ችሎታ በሙሉ የባክቴሪያው ነው ይላሉ። የጢንዚዛ እጭ ሁሉ፣ የቤታችንን እንጨት የሚያነቅዘውን ጨምሮ፣ በዚሁ መንገድ ነው የሚኖረው ይላሉ። ከእጩ አንጀት የተወሰደው ባክቴሪያ ሴሉሎስ እንደሚያፈርስ በላቦራቶሪ ተረጋግጧል ብለው ፎቶ ያሳያሉ። ከዚህ ተነሥተው ሦስት ተስፋ ይሰጣሉ። ከሰጋቱራ በርካሽ ኢታኖል ይወጣል፤ ፕላስቲክም በዚሁ መንገድ ይጠፋል፤ ባክቴሪያውን ከጭድ ጋር ለከብት ብንሰጥ ደግሞ ጭድ ብቻውን በቂ መኖ ይሆናል።

ለመግባባት ያህል፣ ሴሉሎስ የግሉኮስ ሰንሰለት ነው። ስታርችም የግሉኮስ ሰንሰለት ነው። ልዩነቱ አንዱ ግሉኮስ ከሌላው ጋር የተያያዘበት መንገድ ላይ ነው፤ በዚያች ልዩነት የተነሣ ሆዳችን እንጀራውን ይፈጫል፣ ሰጋቱራውን ግን አይነካውም። የሴሉሎስ ሰንሰለቶች ጎን ለጎን ተጣብቀው ኢንዛይም (ምግብን የሚቆራርጥ ፕሮቲን) በቀላሉ የማይገባበት ጥብቅ ድርድር ይሠራሉ። በዚያ ላይ ሄሚሴሉሎስ የሚባል ሌላ የስኳር ሰንሰለትና እንጨቱን የሚያጠነክረው ሊግኒን ተጠምጥመውበታል። ድርድሩን ለማፍረስ ሦስት ዓይነት ኢንዛይም መተባበር አለበት፤ ሰንሰለቱን መሃሉ ላይ የሚቆርጥ፣ ከጫፍ ጀምሮ ሁለት ሁለት ግሉኮስ እየነጠለ የሚሄድ፣ ጥንዶቹን ደግሞ ወደ ነጠላ ግሉኮስ የሚከፍል። ይህቺን ያዙልኝ፤ ፎቶው ጋ ስንደርስ ትጠቅመናለች።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ነጥብ። «እንስሳ በራሱ ሴሉሎስ አይፈጭም» የሚለው ብዙዎቻችን ትምህርት ቤት የተማርነው ስለሆነ ጸሐፊውን ለብቻቸው መውቀስ አይገባም። ግን ከተሻረ ቆይቷል። በ1998 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሂሮፉሚ ዋታናቤ የተባለ ጃፓናዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ኔቸር መጽሔት ላይ አንድ አጭር ጥናት አወጡ። ሬቲኩሊተርሚስ ስፔራተስ የሚባለው ምስጥ ሴሉሎስ የሚቆርጥ ኢንዛይም የሚሠራበት ጂን በራሱ ዘረመል ውስጥ እንዳለው አሳዩ። አንጀቱ ውስጥ ከሚኖሩት ጥቃቅን ፍጥረታት የተዋሰው አይደለም፤ የራሱ ነው። ምስጥ ደግሞ እስከዚያ ጊዜ ድረስ «ያለ ተባባሪ ምንም አይችልም» ሲባል ዋና ምሳሌ ሆኖ የሚጠቀሰው ነፍሳ ነበር።

ወደ ጢንዚዛ ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። ቅጠል በል ጢንዚዛዎች፣ አንቴናቸው ብዙ ጊዜ ከሰውነታቸው የሚረዝም እንጨት ሰርሳሪዎችና ነቀዞች የአንድ ትልቅ የዘር ሐረግ ልጆች ናቸው። በእነዚህ ነፍሳት ዘረመል ውስጥ ሴሉሎስና ፔክቲን (የተክል ሴሎችን አንድ ላይ የሚያጣብቀውን ነገር) የሚቆርጡ ኢንዛይሞች ጂኖች በብዛት ተገኝተዋል። ተመራማሪዎች የጂኖቹን ዝምድና ወደ ኋላ ሲከታተሉ ከፈንገስና ከባክቴሪያ የተሻገሩ ሆነው አገኟቸው። ማለትም በጥንት ዘመን ጂኑ ወደ ጢንዚዛው ገብቶ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወረስ የጢንዚዛው ንብረት ሆነ።

የእስያው አኖፕሎፎራ ግላብሪፔኒስ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከቻይና በማሸጊያ እንጨት ተጭኖ አሜሪካና አውሮፓ ገብቶ የኒው ዮርክን የመንገድ ዳር ዛፎች ያስቆረጠው ጢንዚዛ ማለት ነው። ዘረመሉ በ2016 ታትሟል። እጩ ያልሞተ ዛፍ ውስጥ እየሰረሰረ ነው የሚያድገው፤ ሴሉሎስ የሚቆርጡ የራሱ ኢንዛይሞችም አሉት። አንጀቱ ውስጥ ባክቴሪያ አለ፣ ፉሳሪየም ሶላኒ የሚባለው ፈንገስም ደጋግሞ ይገኝበታል። ታዲያ «ሥራው በሙሉ የባክቴሪያው ነው» የሚለው የቱ ጋ ሊቆም ነው?

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የሚያግዝ ምሳሌ እኔው ላቅርብ፤ እሳቸው አላነሱትም። ካሲዳ ሩቢጂኖሳ የምትባል እሾሃም አረም የምትበላ ጢንዚዛ አለች። ሐሰን ሳሌምና ባልደረቦቹ በ2017 ሴል መጽሔት ላይ እንዳሳዩት ስታሜራ የተባለ ባክቴሪያ አብሯት ይኖራል። የባክቴሪያው ዘረመል 270 ሺህ ፊደል ገደማ ብቻ ነው፤ ለብቻው መኖር ከማይችልበት ደረጃ ድረስ ተሟጥጧል። ያም ሆኖ ፔክቲን የሚያፈርስባቸውን ጂኖች አልጣለም። እናቲቱ በእያንዳንዱ እንቁላል ጫፍ ላይ ባክቴሪያውን የያዘ ቆብ ታስቀምጣለች፤ ቆቡ ከተነሣ የሚተርፉት እጮች ጥቂት ናቸው። «ባክቴሪያው የግድ ነው» ለማለት ከዚህ የበለጠ ምን ይመጣል? ግን ልብ በሉ። ባክቴሪያው የሚያፈርሰው ፔክቲኑን ነው። ሴሉሎሱን የምትቆርጠው ጢንዚዛዋ ራሷ ናት። ተከፋፍለውታል።

የእኔ ክርክር በሙሉ እዚህ ላይ ነው ያለው። እንጨቱንና ጭዱን የሚያፈርሰው አንጀቱ እንዳለ ነው፤ መንጋጋው፣ የእጩ ኢንዛይም፣ ከክፍል ክፍል የሚለዋወጠው ፒኤች (የአሲድነት ልክ)፣ ኦክስጅን የሌለበት የኋላ ክፍል፣ ምግቡ እዚያ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ፣ ፈንገሱና ባክቴሪያው አንድ ላይ። ባክቴሪያውን ነጥላችሁ ስታወጡት ያ ሁሉ ተከትሎት አይወጣም።

ኦዶንቶቴኒየስ ዲስጁንክተስን እንመልከት። በምሥራቅ ሰሜን አሜሪካ የወደቀ ግንድ ውስጥ በቤተሰብ የሚኖር ትልቅ ጥቁር ጢንዚዛ ነው። ወላጆቹ እንጨቱን ያደቅቃሉ፣ ይበላሉ፤ እጮቹ የሚበሉት ወላጆቹ ያኘኩትንና በወላጅ አንጀት አንድ ጊዜ ያለፈውን ነው። ትልልቆቹም የገዛ ኩሳቸውን መልሰው ይበሉታል። በ2019 የሎውረንስ በርክሊ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች የዚህን ነፍሳ አንጀት ክፍል በክፍል አጥንተው አወጡ። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ቅርጽ፣ የራሱ የኦክስጅን መጠን፣ የራሱ ጥቃቅን ነዋሪዎች አሉት። እንጨቱ የሚፈርሰው በቅደም ተከተል ነው፤ አንዱ ክፍል የጀመረውን ሌላው ይቀጥላል፣ ከአንጀት የወጣውም ግንዱ ውስጥ ተመልሶ እስኪበላ ድረስ መብሰሉን አያቆምም። ታዲያ ከዚህ ውስጥ «ሴሉሎስ አፍራሹ» የትኛው ነው ብትሉኝ መልሱ ጥያቄው ራሱ ልክ አይደለም ነው።

ቀጥሎ «የጢንዚዛ እጭ ሁሉ አንድ ነው» የሚለው። ለዚህ መልሱ ከእኛው አገር ማሳ ሊጀምር ይችላል። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በአማራና በአፋር ማሽላ ሲያጠቃ የኖረውን ጢንዚዛ ብዙ ገበሬ ያውቀዋል፤ ሳይንሳዊ ስሙ ፓክኖዳ ኢንተራፕታ ነው። እሸቱን የሚመጠው ያደገው ጢንዚዛ ነው፤ እጩ አፈርና ፍግ ውስጥ ነው የሚያድገው። የቅርብ ዘመዱ ፓክኖዳ ኢፊፒያታ ጀርመን ውስጥ በአንድሬያስ ብሩኔ ቡድን በደንብ ተጠንቷል። በ2003 ባወጧቸው ጥናቶች የእጩ መካከለኛ አንጀት ፒኤች ከ10 በላይ ሆኖ ተገኘ፤ የኋላው አንጀት ወደ 7 ይጠጋል፣ ኦክስጅን የለውም፣ እዚያ አሴቴት ይመረታል፣ ሚቴን ሳይቀር ይወጣል። እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው ደስ ሊላቸው ይችላል።

ችግሩ ቀጥሎ ነው። ያው ቡድን በ2005 እጩ ከሚውጠው አፈር ውስጥ የትኛውን በደንብ እንደሚፈጭ ለካ። ቅድሚያ የሚሰጠው ለፕሮቲንና ለጥቃቅን ፍጥረታት አካል ሆኖ ተገኘ፤ ሴሉሎሱ ብዙም ሳይነካ ያልፋል። ይገባል እኮ። በአፈርና በብስባሽ ውስጥ የሚኖር እጭ ዋና ችግሩ የስኳር እጥረት አይደለም፤ የናይትሮጅን እጥረት ነው። ሴሉሎስ ውስጥ ደግሞ ናይትሮጅን የለም። ስለዚህ ፍግ ውስጥ የሚያድግ እጭ ስላየን ብቻ «ይሄ ሴሉሎስ በልቶ ነው የወፈረው» ማለት አንችልም።

የቤታችን እንጨት ላይ ያለው ታሪክ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው። የቀርከሃ ወንበር ወይም የባሕር ዛፍ አጣና ሥር እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ይህን ከሚያደርጉት መካከል ሊክተስ የሚባሉት ጢንዚዛዎች ይገኙበታል። የሊክተስ እጭ እንጨት እየሰረሰረ ይኖራል እንጂ ሴሉሎስ አይፈጭም። የሚፈልገው እንጨቱ ውስጥ የተጠራቀመውን ስታርች ነው፤ ሴሉሎሱ ደቆ ባንድ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል። ያያችሁት ዱቄት እሱ ነው። ስታርች የሌለውን እንጨት አይነካም፤ እናቲቱ እንቁላል ከመጣሏ በፊት እንጨቱን ነከስ አድርጋ ትቀምሳለች። ቤት ሠሪዎች ቀርከሃ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው የሚያቆዩትም ስታርቹ እንዲወጣለት ነው። ጸሐፊው «የቤታችንን እንጨት የሚያነቅዘው» ብለው በምሳሌነት የጠቀሱት ነፍሳ እንግዲህ ለክርክራቸው ከማይመቹት ዋናው ሊሆን ይችላል።

አሁን ፎቶው። ቀይ ፕሌት (ባክቴሪያ የሚራባበት ሳህን) ነው፤ በባክቴሪያው ዙሪያ ፈዘዝ ያለ ክብ ይታያል። «ሴሉሎሱን በልቶት ነው» ይላሉ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ስሕተቱ የእሳቸው ብቻ ሳይሆን ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎችም ላይ ያለ ነው።

ፕሌቱ ውስጥ ያለው ተራ ሴሉሎስ አይደለም። ካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ ነው፣ ባጭሩ ሲኤምሲ። በኬሚካል ተለውጦ ውሃ ውስጥ እንዲሟሟ የተደረገ ነገር ነው፤ አይስክሬምና የጥርስ ሳሙና ለማወፈር የሚጨመረው ያው። ጭድንና እንጨትን አስቸጋሪ ያደረገው ያ ጥብቅ ድርድር ሲኤምሲ ውስጥ የለም። ሊግኒንም የለም። ኮንጎ ቀይ የሚባለው ቀለም ሰንሰለቱ ረጅም ሆኖ ሳለ ይይዘዋል፣ ሰንሰለቱ ሲቆራረጥ ይለቀዋል፤ ክቡ የሚመጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ ፎቶው የሚያሳየው ያዙልኝ ካልኳችሁ ሦስት ኢንዛይሞች አንዱን፣ መሃል ላይ የሚቆርጠውን ብቻ ነው። ባሲለስ ሰብቲሊስን ውሰዱ፤ በየአፈሩ የሚገኝ ተራ ባክቴሪያ ነው። ሲኤምሲ ፕሌት ላይ የሚያምር ክብ ይሠራል፣ ድርድሩ ያልፈረሰ ሴሉሎስ ስጡት ግን አያድግበትም። አጥሚት የጠጣን ሁሉ ጥሬ ይቆረጥማል ብሎ መፈረም ነው።

ሌላም አለ። ፕሌቱ የተቀመጠው አየር ባለበት ኢንኩቤተር ውስጥ ነው። የፓክኖዳ የኋላ አንጀት ግን ኦክስጅን የለውም፤ እዚያ የሚኖሩት ዋናዎቹ ባክቴሪያዎች አየር ሲያገኛቸው አይበቅሉም ወይም ይሞታሉ። ስለዚህ ፕሌቱ ላይ የምናየው አየር ባለበትም በሌለበትም መኖር የሚችለውን አናሳ ነው። ከዚያ ደግሞ እጩ አፈር ይውጣል፤ አፈር ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ሁሉ በአንጀቱ ያልፋል። አንጀት ውስጥ መገኘትና አንጀት ውስጥ መኖር ለየቅል ናቸው። ቻይና ውስጥ ሆሎትሪኪያ ፓራሌላ ከሚባለው እጭ አንጀት በዚህ መንገድ ብዙ ባክቴሪያ ተለይቷል፤ ሥራው መልካም ነው፣ ግን ማን ነዋሪ ማን አላፊ እንደሆነ ፕሌቱ ብቻውን አይነግረንም።

ይህን ስል ፕሌቱ ይቅር አላልኩም። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ በጀት በሌለው ላቦራቶሪ ይሠራል፤ ለመጀመሪያ ማጣሪያ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ግን ባክቴሪያው ፊልተር ወረቀት (ድርድሩ ያልፈረሰ ሴሉሎስ) ብቻ ተሰጥቶት ይበቅላል ወይ? ኦክስጅን በሌለበትስ? ከሁሉም በላይ፣ እጩ ባክቴሪያው ሲጠፋበት ሴሉሎስ የመፍጨት አቅሙ ይወርዳል ወይ? እነዚህ ሳይጠየቁ «ተረጋግጧል» የሚለው ቃል ገና ነው።

ወደ ተስፋዎቹ ልለፍ። ኢታኖሉ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ታሪኩ ስለሚታወቅ። ዛሬ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት የሴሉሎስ ኢንዛይም በብዛት የሚመጣው ትሪኮደርማ ሪሴይ ከሚባል ፈንገስ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሰለሞን ደሴቶች ላይ የአሜሪካ ጦር ድንኳንና የጥጥ ዕቃ እየበሰበሰ ሲያስቸግር ከዚያው የተገኘ ነው። ዐሥርተ ዓመታት ተሻሽሎ ኢንዛይም በገፍ ያመርታል። ያም ሆኖ ዱፖንት በአዮዋ በ2015 የከፈተውን ፋብሪካ በ2017 ዘጋ። በካንሳስ በ2014 የተመረቀው የአቤንጎዋ ፋብሪካ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ቆመ። ክላሪያንት ሩማንያ ውስጥ የገነባውን በ2023 መጨረሻ ለመዝጋት ወሰነ። አፍራሽ ፍጥረት ስለጠፋ አይደለም የተዘጉት። አገዳና ገለባ መሰብሰብ፣ ማጓጓዝ፣ ከአሸዋና ከድንጋይ መለየት፣ ኢንዛይም ከመግባቱ በፊት በሙቀትና በአሲድ ማፍታታት፤ ገንዘቡን የበላው ይሄ ነው። አዲስ ባክቴሪያ ከእጭ አንጀት ቢመጣ ከእነዚህ የትኛውን ያቃልላል? እኛ ፊንጫ ላይ የምናመርተውና ከ2008 ጀምሮ ከቤንዚን ጋር ሲቀላቀል የነበረው ኢታኖል ከስኳር ሞላሰስ የሚወጣ ነው፤ ከሴሉሎስ ጋር ዝምድና የለውም። ጸሐፊው ሁለቱን አንድ አድርገው ነው ያቀረቡት።

ፕላስቲኩ ላይ በከፊል ልክ ናቸው። በ2015 የስታንፎርድና የቻይና ተመራማሪዎች የዱቄት ትል የሚባለው የቴኔብሪዮ ሞሊተር እጭ ፎም እንደሚበላና ከፊሉን እንደሚያፈርስ አሳይተዋል። አንቲባዮቲክ ሲሰጠው ችሎታው ጠፋ፤ ስለዚህ ባክቴሪያው ወሳኝ ነው ማለት ይቻላል። በ2024 ናይሮቢ የሚገኘው የነፍሳት ምርምር ማዕከል አይሲፔ በኬንያ አነስተኛ የዱቄት ትሎች ላይ ተመሳሳይ ነገር አውጥቷል፤ ዜናው እኛም ዘንድ ደርሶ ነበር። ግን እዚያው ጥናት ውስጥ ያለችው ነገር ስትዘለል ያናድደኛል፦ ፎም ብቻ ከበሉት ይልቅ ፉርሽካ ተጨምሮላቸው የበሉት የተሻለ ኖረዋል፣ የተሻለም አፍርሰዋል። ፎም ምግብ ስላልሆነ። ደግሞም ፎም ሴሉሎስ አይደለም፤ አንዱን የሚያፈርስ ሌላውን ያፈርሳል የሚባል ሕግ የለም።

የቀረው መኖው ነው። ለመጻፍ ያነሣሣኝ እሱ ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው።

የላም ጨጓራ ሴሉሎስ አፍራሽ አጥቶ አያውቅም። በአንድ ሚሊ ሊትር የጨጓራ ፈሳሽ ውስጥ ከ10 ቢሊዮን በላይ ባክቴሪያ አለ። ፋይብሮባክተር ሳክሲኖጂንስ፣ ሩሚኖኮከስ ፍላቬፋሲየንስ፣ ሩሚኖኮከስ አልበስ የሚባሉት ያንን ጥብቅ ድርድር በማፍረስ ከሚታወቁት ሁሉ ግንባር ቀደም ናቸው። ገለባውን ሰርስሮ የሚገባ ፈንገስም አለ። ከእጭ አንጀት የመጣ እንግዳ እዚህ ሲገባ 39 ዲግሪ ሙቀት፣ ከ7 በታች የሆነ ፒኤች፣ ኦክስጅን አልባ ፈሳሽ፣ እሱን የሚበሉ ፕሮቶዞዋዎችና ቦታውን አስቀድመው የያዙ ቢሊዮኖች ይጠብቁታል። ከአፈር ሙቀት ጋር የተላመደ ባክቴሪያ ነው። ስንት ቀን ይቆያል?

ጸሐፊው «ከውጭ የገባ ባክቴሪያ ጨጓራ ውስጥ ሊኖር ይችላል» ቢሉ ግን ልክ ናቸው፤ ምሳሌም አለ። ሉኪኒያ የሚባለው የመኖ ዛፍ ቅጠሉ ውስጥ ሚሞሲን የሚባል መርዝ አለው። አውስትራሊያ ውስጥ ከብቶች ሲበሉት ይታመሙ ነበር፣ ሃዋይ ያሉ ፍየሎች ግን አይታመሙም። ሬይመንድ ጆንስ የተባለ ተመራማሪ በ1980ዎቹ የሃዋይ ፍየሎችን የጨጓራ ባክቴሪያ ወደ አውስትራሊያ ወስዶ ለከብቶች ሰጠ፤ ባክቴሪያው ተላመደ፣ ችግሩም ተፈታ። በኋላ በስሙ ሲነርጂስቲስ ጆንሲ ተባለ። ለምን ሠራ? ባክቴሪያው ከጨጓራ ወደ ጨጓራ ነው የሄደው። መርዙን ቀድሞ የሚበላ ሌላ ነዋሪም አልነበረም፤ ቦታው ባዶ ነበር። ሴሉሎስ ላይ ግን ባዶ ቦታ የለም።

ታዲያ ላማችን ጭድ በልታ ለምን ትከሳለች? ሁለት ምክንያት አለ። አንዱ ሊግኒኑ ነው፤ ሴሉሎሱን ከልሎ አፍራሾቹ እንዳይደርሱበት ያደርጋል። ሁለተኛው ናይትሮጅን ነው። የጨጓራ ባክቴሪያዎች በደንብ እንዲሠሩ መኖው ውስጥ ቢያንስ 7 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ የስንዴ ጭድ የዚያን ግማሽ ያህል ቢኖረው ነው። የጤፍ ጭድ ትንሽ ይሻላል፣ እሱም አይደርስም። ስለዚህ ባክቴሪያው አለ፣ የሚባዛበት ግን የለውም። አዲስ ባክቴሪያ ብትጨምሩ እሱም አብሮ ይራባል።

ለዚህ ነው ትንሽ ፋጉሎ ጣል ሲደረግባት ላሟ ያንኑ ጭድ አብዝታ የምትበላው። ፉርሽካ፣ አተላ፣ ሳስፓንያ፣ አልፋልፋ፣ የሽሮ እህሎች ገለባ፤ ሁሉም በየመጠናቸው ይሄንኑ ክፍተት ነው የሚሞሉት። ጭድን በዩሪያ ማከምም የታወቀ ዘዴ ነው፤ ለ100 ኪሎ ጭድ 4 እስከ 5 ኪሎ ዩሪያ በውሃ በጥብጦ መርጨት፣ አየር እንዳይገባ አጥብቆ ሸፍኖ ሦስት ሳምንት ያህል ማቆየት። ሊግኒኑ ይላላል፣ ናይትሮጅን ይጨመራል፤ ሁለቱን ችግር ባንድ ጊዜ ይነካል። (ዩሪያ እንዲሁ ቢላስ ከብት ይገድላል። የእርሻ ባለሙያ ሳያሳያችሁ እንዳትሞክሩት።) ይሄ ሁሉ ገንዘብና ጉልበት ይጠይቃል፣ አውቃለሁ፤ ፋጉሎም ዋጋው የሚቀመስ አልሆነም። ብልቃጥ ውስጥ ያለ ባክቴሪያ የሚያጓጓውም ለዚህ ነው።

ጸሐፊው መልስ ከጻፉ አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቃቸው። ሁለት ቡድን በሬ ይወሰድ፣ ጭዱም ፋጉሎውም እኩል ይሁን። አንደኛው ቡድን ሕያው ባክቴሪያ ይሰጠው፤ ሁለተኛው ያንኑ ባክቴሪያ በሙቀት ተገድሎ ይሰጠው። የበሉት ጭድ ይመዘን፣ እበታቸው ውስጥ የቀረው ፋይበር ይለካ፣ በሬዎቹም ይመዘኑ። የሞተውን የወሰደው ቡድን እኩል ከወፈረ ሥራው የባክቴሪያው አልነበረም ማለት ነው። ሕያውን የወሰደው በልጦ ከተገኘ ደግሞ ውጤቱን ይላኩልኝ፤ እኔው ራሴ አሰራጨዋለሁ።